ላውንድስ ካውንቲ፤ መሬቱ፣ ሕዝቡና ሹማምንቱ

ስለ አሜሪካ መንግሥት አሠራር በክፍል የምንማረውና በየመጽሐፉ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ ስለ ሁለቱ ምክር ቤቶችና ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለውን፣ ማለት ገበሬው ግብሩን የሚገብርበትን፣ ርስቱን የሚያስመዘግብበትን፣ ሲካሰስ የሚቆምበትን ሸንጎ ግን እምብዛም አናውቀውም። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ለመብቱ ያደረገው ትግል ብዙውን ጊዜ የተካሄደው በዋሽንግተን ሳይሆን በዚሁ ዝቅተኛ እርከን ላይ ነበርና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከ3,000 በላይ ከሆኑት የአሜሪካ ካውንቲዎች አንዱን ብቻ መርጠን፣ በአላባማ ስቴት የሚገኘውን ላውንድስ ካውንቲን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን።

አስቀድሞ ካውንቲ ምንድን ነው? ካውንቲ ስቴቱ ራሱን ከፋፍሎ የሚያስተዳድርበት ክፍል ነው። በእኛ አገር ወረዳ ወይም የቀድሞው አውራጃ ብንለው ይቀርበዋል እንጂ ልክ አይሆንለትም። ልዩነቱ ከባድ ነው፤ የእኛ አውራጃ ገዥ ከላይ ተሹሞ የሚላክ ነበር፤ የካውንቲው ሹማምንት ግን በአብዛኛው የሚመረጡት በዚያው ነዋሪ በሆነው ሕዝብ ነው። ሥርዓቱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ሸሪፍ የሚባለው የፖሊስ አለቃ እንኳ ስሙን የወረሰው ከጥንቱ የእንግሊዝ የአውራጃ ሹም ነው። በሉዊዚያና ይህንኑ ክፍል ፓሪሽ፣ በአላስካ ደግሞ ቦሮ ይሉታል። ኮነቲከት በ1960 የካውንቲ አስተዳደርን ጨርሶ ሽሮታል። መጠናቸውም እንዲሁ አይገጥምም። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ሲኖረው፣ በቴክሳስ የሚገኘው የላቪንግ ካውንቲ ነዋሪ 64 ሰው ብቻ ነበር። እንግዲህ «የአሜሪካ ካውንቲ እንዲህ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም።

አላባማ 67 ካውንቲዎች አሏት። ላውንድስ የተቋቋመው በ1830 ሲሆን፣ ስሙ የደቡብ ካሮላይና ተወላጅ ለነበረው ለምክር ቤት አባል ለዊልያም ላውንድስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ስፋቱ 1,880 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰሜን በኩል የአላባማ ወንዝ ወሰኑ ነው፤ በምሥራቅ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በምዕራብ ዳላስ ካውንቲ ያዋስኑታል። የስቴቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪና በዳላስ ያለችው የሴልማ ከተማ በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ይገናኛሉ፤ ይህ ጎዳና ላውንድስን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት ያልፋል። ዋና ከተማው ሄይንቪል ነው። «ከተማ» ስንል አንባቢ እንዳይሳሳት፤ በጠቅላላው ካውንቲ ውስጥ 2,000 ነዋሪ የሚሞላ አንድም ከተማ የለም። የሄይንቪል ክብርዋ በመሐል አደባባይዋ የቆመው የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ነው። ከእርስዋም ሌላ ፎርት ዲፖዚት፣ ሞሰስ፣ ኋይት ሆል፣ ላውንድስቦሮ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ።

ስለ አፈሩ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርገን መናገር ይገባናል፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ ከእርሱ የበቀለ ነውና። በዳይኖሰሮች ዘመን መጨረሻ ገደማ ይህ አገር የባሕር ወለል ነበር። በባሕሩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ረቂቅ ፍጡራን ቅርፊታቸው እየዘቀጠ ተከማችቶ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበትን የመሰለ የጠመኔ ድንጋይ ሆነ። ጠመኔው በላይ በላዩ እየበሰበሰ ጥቁር የሸክላ አፈር ወጣው። ይህን አፈር ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም፤ በከፍተኛው አገራችን ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው የዚሁ ዘመድ ነው። ክረምት ሲሆን ያብጣል፣ ጫማ ይይዛል፣ ውኃ አያሳልፍም፤ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። ይህ የጥቁር አፈር መሬት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደ መቀነት ተዘርግቶ አላባማን ያቋርጣልና «ብላክ ቤልት»፣ ማለት ጥቁር ቀበቶ ተባለ። ስሙ ቀድሞ ለአፈሩ የተሰጠ ሲሆን፣ ኋላ ግን ለሕዝቡም ሆነ። በካውንቲው ደቡብ በኩል መሬቱ ኮረብታማ እየሆነ ይሄዳል፤ ፓይን የሚባለው የጥድ ዓይነትም ይበቅልበታል።

ጥቁሩ አፈር ለጥጥ እጅግ ተስማሚ ነበር። ጥጥ ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የደቡብ ባለርስቶች በባርነት የያዝዋቸውን ጥቁር ሕዝቦች እየነዱ ወደዚህ አመጡ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊነሣ ሲል፣ በ1860፣ ከካውንቲው ነዋሪ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ባሪያ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ባርነቱ ቀረ፤ መሬቱ ግን ከባለቤቱ እጅ አልወጣም። ነፃ የወጣው ሰው መሬትም በሬም ስለሌለው ለቀድሞ ጌታው በእኩል አራሽነት ገባ። ዘሩንና ስንቁን ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ እየወሰደ፣ መኸሩ ሲሰበሰብ ዕዳው ተቀንሶለት እጁ ባዶ ይቀራል። አንዳንዱም ካምናው ዕዳ ጋር ሌላ ዕዳ ተሸክሞ ወደሚመጣው ዓመት ይሻገራል። ስለ ጭሰኛ ኑሮ ላነበበ የአገራችን ተማሪ ይህን ማብራራት ልፋት ነው።

ሕዝቡ መሄድ ጀመረ። በ1900 ላውንድስ 35,651 ነዋሪ ነበረው። በ1910 ቦል ዊቭል የሚባለው የጥጥ ነቀዝ ወደ አላባማ ገባ፤ የሰሜኑ ፋብሪካም ሠራተኛ ይጣራ ነበር፤ ቆይቶም ጥጥ ለቃሚ መኪና መጣ። በ1960 ነዋሪው 15,417 ሆነ። በ2020 ደግሞ 10,311 ብቻ ተቆጠረ። በ120 ዓመት ውስጥ ከአሥሩ ሰባቱ ጎደለ ማለት ነው። ዛሬ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ስድስት ሰው እንኳ አይገኝም፤ ጥጥ ይዘራበት የነበረው መሬት ብዙው ለግጦሽና ለደን ሆኗል። ከቀሩት ነዋሪዎች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጥቁር ናቸው።

አሁን ወደ አስተዳደሩ እንመለስ። በአላባማ ካውንቲ ዋናዎቹ ሹማምንት እነዚህ ናቸው፦ ኮሚሽነሮች የሚባሉ ሸንጎ ሆነው መንገዱንና በጀቱን ይመለከታሉ። ፕሮቤት ዳኛው ውርስንና የርስት መዝገብን ይጠብቃል፣ በምርጫም ጉዳይ ትልቅ እጅ አለው። ግብር ገማቹ የእያንዳንዱን ርስት ዋጋ ይተምናል፤ ግብር ሰብሳቢው ይሰበስባል። ኮሮነሩ ሰው በድንገት ሲሞት የሞቱን ምክንያት ይመረምራል። የትምህርት ቦርዱ ስለ ትምህርት ቤቶች ይወስናል። ሸሪፉ ያስራል፣ እስር ቤቱን ይጠብቃል። በወረቀት ላይ ሲያዩት መልካም ሥርዓት ነው፤ ሁሉም ከሕዝቡ በድምፅ የሚመጡ ናቸው።

ችግሩ «ሕዝብ» ማን ነው የሚለው ነበር። የ1901 የአላባማ ሕገ መንግሥት የተጻፈው የጥቁሩን ድምፅ ለመንጠቅ ነው፤ ጸሐፊዎቹም ዓላማቸውን አልሸሸጉም። የንባብ ፈተና፣ የንብረት መመዘኛና በየዓመቱ የሚጠራቀም የአንድ ዶላር ከሀምሳ ሳንቲም የምርጫ ግብር አቆመ። ከ1900 በፊት በአላባማ ከ180,000 በላይ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ሲኖሩ፣ በ1903 ከ3,000 በታች ቀሩ። በላውንድስ ደግሞ ነገሩ ወደ መጨረሻው ደረሰ። በ1965 መግቢያ ላይ ከነዋሪው ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ጥቁር ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው በመራጭነት የተመዘገበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። በአንጻሩ የተመዘገቡት ነጮች ቁጥር ዕድሜያቸው ለምርጫ ከደረሰው ነጮች ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ የሞቱትና አገር የለቀቁት ከመዝገብ አልተሰረዙምና። በሕይወት ያለ ጥቁር የማይመርጥበት፣ የሞተ ነጭ ግን ከመራጮች የሚቆጠርበት ካውንቲ!

ከዚህ የሚከተለውን ማሰብ አያስቸግርም። ጁሪ የሚባሉት ፈራጆች ሁሉ ነጮች ነበሩ። ሸሪፉ የሚፈራው ባለርስቱን እንጂ ጭሰኛውን አልነበረም። የሀብታሙ ሰፊ ርስት በዝቅተኛ ዋጋ ሲገመት ጠያቂ የለውም።

በመጋቢት 1965 አርባ የማይሞሉ ጥቁር ነዋሪዎች ለመመዝገብ ወደ ሄይንቪል ሄዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት ሰዎች ብቻ ተመዘገቡ፤ ከሁለቱ አንዱ ጆን ሁሌት ይባላል፤ ስሙን አንባቢ ይያዝልን። በዚያው ወር ከሴልማ እስከ ሞንትጎመሪ የተደረገው ታዋቂው ሰልፍ በ80 ቁጥር ጎዳና አለፈ። ጎዳናው በላውንድስ ውስጥ ጠባብ ስለነበረ፣ ፍርድ ቤቱ በዚያ ክፍል ከ300 ሰው በላይ እንዳይሄድ ወስኖ ነበር። ሰልፉ በተጠናቀቀበት ዕለት፣ መጋቢት 25፣ ተሰላፊዎችን በመኪናዋ ስታመላልስ የነበረችው ቫዮላ ሊዩዞ የምትባል የዲትሮይት ሴት እዚሁ ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለች። ነሐሴ 20 ደግሞ ጆናታን ዳንኤልስ የተባለ ነጭ የነገረ መለኮት ተማሪ በሄይንቪል ሱቅ በር ላይ አንዲት የ17 ዓመት ጥቁር ልጃገረድ ለማዳን ሲጋርዳት ተገደለ። ገዳዩ የሸሪፍ ረዳት ነበር። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ በነፃ ለቀቀው። በ1966 መጀመሪያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በላውንድስ ጥቁሮችና ሴቶች ከጁሪ መከልከላቸው ሕገ ወጥ ነው ብሎ የፈረደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሰልፈኞቹ አልፈው ሲሄዱ፣ ኤስ.ኤን.ሲ.ሲ. ከሚባለው የተማሪዎች ማኅበር ጥቂት ወጣቶች በካውንቲው ቀሩ። ከእነርሱ ዋናው በቀደመው ዓመት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ስቶክሊ ካርማይክል ነበር። (በአገራችን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በዚያው ሰሞን፣ በየካቲት 1957 በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ስናስበው አንድ ነገር ይሰማናል፤ እነዚያ ወጣቶች ስለ እኞቹ፣ የእኞቹም ስለ እነዚያ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ግን ሌላ ጥያቄ ነው።) ነሐሴ 6 የምርጫ መብት ሕግ ተፈረመ፤ በአራተኛው ቀን የፌዴራል መዝጋቢዎች ላውንድስ ደረሱ። ሕዝቡ በብዛት ተመዘገበ። ባለርስቶቹም መለሱ፤ የተመዘገበውን ጭሰኛ ከቤቱ አስወጡት። የተባረሩት ቤተሰቦች በ80 ቁጥር ጎዳና ዳር በድንኳን ሰፈሩ፤ ሰፈሩም «የድንኳን ከተማ» ተባለ። ድምፅ ለመስጠት የከፈሉት ዋጋ ቤታቸው ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ለእኛ ከሁሉ ይልቅ አስደናቂው ክፍል ነው። ነዋሪዎቹ ወደ ዴሞክራቲክ ፓርቲ እንዳይገቡ፣ የአላባማው ፓርቲ ምልክት «የነጭ የበላይነት» የሚል መፈክር የተጻፈበት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። የካውንቲው ፓርቲም ለዕጩነት የሚከፈለውን 50 ዶላር ወደ 500 ዶላር አሳደገው። የማኅበሩ ወጣቶች ግን የስቴቱን የሕግ መጻሕፍት ሲያገላብጡ አንድ የተረሳ አንቀጽ አገኙ። በአንድ ካውንቲ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ዕጩ ከመረጡ የራሳቸውን ፓርቲ ማቆም ይችላሉ፤ ከድምፁም 20 በመቶ ካገኙ ፓርቲያቸው በሕግ የታወቀ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ የላውንድስ ካውንቲ የነፃነት ድርጅት ተቋቋመ። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ምልክት ያስፈልግ ስለነበር ጥቁር ነብር መረጡ። በጥቅምት 1966 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ብላክ ፓንተር ፓርቲ ስሙንና ምልክቱን የወሰደው ከዚሁ ከጭሰኞች ፓርቲ ነው። ብዙ ሰው ነብሩ ከከተማ ወደ ገጠር የሄደ ይመስለዋል፤ የሄደው ከገጠር ወደ ከተማ ነው።

ድርጅቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ከፈተ። የትምህርቱ ርእስ ከላይ የዘረዘርነው ነበር፤ ሸሪፍ ምን ይሠራል? ግብር ገማች ሥልጣኑ እስከምን ነው? ኮሮነር ለምን ይጠቅማል? ይህንንም በሥዕል በተሞሉ ትንንሽ መጻሕፍት አሳትመው አደሉ። እኛ በዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ትምህርት ብለን ለፈተና የምናጠናውን እነዚያ ገበሬዎች ሊሾሙበት አጠኑት። ግንቦት 3፣ 1966 በሄይንቪል አጠገብ በአንድ ቤተ ክርስቲያን 900 ያህል ሰው ተሰብስቦ ለሰባት ሹመቶች ዕጩ መረጠ፤ ለሸሪፍ፣ ለኮሮነር፣ ለግብር ገማች፣ ለግብር ሰብሳቢና ለሦስት የትምህርት ቦርድ መቀመጫዎች። ለግብር ገማችነት የቀረበችው አሊስ ሙር ፕሮግራሟ አጭር ነበር፤ ከሀብታሙ ተሰብስቦ ለድኻው እንዲውል።

በኅዳሩ ምርጫ ሰባቱም ተሸነፉ። ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን በጭነት መኪና እያመጡ ለነጮቹ ዕጩዎች ድምፅ አሰጥተዋል፤ ፍርሃቱም ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። ቢሆንም 20 በመቶውን አልፈው ፓርቲያቸው በሕግ ታወቀ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ያ ሁለት ሆነው የተመዘገቡት ጊዜ አንዱ የነበረው ጆን ሁሌት የላውንድስ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ከ20 ዓመት በላይ በሸሪፍነት አገልግሎ፣ በኋላም ፕሮቤት ዳኛ ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ያስደስት ነበር፤ ብዙ መጻሕፍትም እዚሁ ያቆማሉ። ነገር ግን ሹመቱ ሲያዝ በሹመቱ ውስጥ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ያው የ1901 ሕገ መንግሥት ድምፅን ብቻ አይደለም የነጠቀው። ካውንቲዎች በራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው እንዳይወስኑ አድርጎ ሥልጣኑን በስቴቱ ምክር ቤት እጅ አስቀመጠ። ካውንቲው ለአንድ የራሱ ጉዳይ አዲስ ደንብ ሲያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ሞንትጎመሪ ሄዶ ሕግ እንዲወጣለት መለመን አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ከ900 ጊዜ በላይ የተሻሻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ2022 የዘረኝነት ቃሉ ተነቅሎ እንደገና ተደራጅቷል፤ የሥልጣኑ አከፋፈል ግን በዋናው ነገር እንደነበረ ነው። የርስት ግብርም እንዲሁ በሕግ ታስሯል። የአላባማ የርስት ግብር በአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ለደንና ለእርሻ የተያዘ መሬት ደግሞ ይበልጥ በዝቅተኛ ግምት ይታሰባል። የአሊስ ሙር ሐሳብ ሹመቱን ብታገኝ ኖሮም ከዚህ ግድግዳ ጋር ይጋጭ ነበር።

ይህ እንግዲህ ወደ ጥቁሩ አፈር ይመልሰናል። ነዋሪው ተበታትኖ ስለሚኖር አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተያያዘም። ሕጉ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሴፕቲክ ታንክ እንዲኖረው ያዛል። ተራው ሴፕቲክ ታንክ ግን የሚሠራው መሬቱ ውኃ ሲመጥ ነው፤ ዋልካ ደግሞ አይመጥም። ለዚህ አፈር የሚሆነው ልዩ አሠራር ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ በድኻ ካውንቲ ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ቧንቧውን ከመጸዳጃ ቤቱ አውጥቶ ከጓሮው ያፈሰዋል፤ ታንክ ያለውም ሰው ቢሆን ዝናብ ሲበረታ ፍሳሹ ወደ ቤቱ ይመለስበታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለሥልጣኖች ታንክ የሌላቸውን ድኾች በክስና በእስራት ያስፈራሩ ነበር። በካውንቲው ያደገችው ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ነገሩን ለአገር ያሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በላውንድስ ከተመረመሩት 55 ሰዎች በ19ኙ ላይ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ምልክት እንደተገኘ ገለጠ። 55 ሰው ለካውንቲው ሁሉ መመዘኛ እንደማይሆን እናውቃለን፤ ውጤቱን የተጠራጠሩም አልታጡም። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ጠፋ የተባለ የድኽነት በሽታ ስሙ እንደገና መነሣቱ ራሱ ብዙዎችን አስደነገጠ። የተባበሩት መንግሥታት የድኽነት መርማሪ ፊሊፕ አልስተንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አላባማ መጥቶ አይቶታል።

የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር በኅዳር 2021 ምርመራ ጀመረ። በግንቦት 2023 ከስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በእርሱም መሠረት ታንክ በሌላቸው ነዋሪዎች ላይ ክስ እንዲቆምና የየቤቱ ችግር እንዲጠና ተወስኖ ነበር። በሚያዝያ 2025 አዲሱ የፌዴራል አስተዳደር ስምምነቱን ሰረዘው። ስቴቱ በእጁ ያለው ገንዘብ እስኪያልቅ ሥራውን እንደሚቀጥል አስታወቀ። ኮሚሽነሮቹ ዛሬ በሕዝቡ የተመረጡ ናቸው፤ ሸሪፉም እንዲሁ። ሕዝቡ አቤት ሲል የሚሰማው ሸንጎ በሄይንቪል አለ፤ ገንዘቡና ሕግ የማውጣቱ ሥልጣን ያለው ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሞንትጎመሪ ነው፤ በመካከሉም ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃ የሚቋጥረው ያው ጥቁር አፈር ተኝቷል።